ምጣዱን ለባሌ ሰጠሁት፤ ለእኔ ምን ቀረኝ?

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሦስት ልጆች እናት። ባለሙያ ናት ይሉኝ ነበር። ሰፈር ውስጥ ሠርግ ሲኖር ጠላው ለእኔ ነው የሚሰጠው። በርበሬ ሲደለዝ የምጠራው እኔ ነኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ አይታጠፉም። አንጓዎቼ ያብጣሉ። ሊጥ ማቡካት ቀርቶ የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ይወድቃል። እስክሪብቶ መያዝ ስለማልችል ይህንም የምጽፈው በስልክ ነው።

ሐኪም ቤት ሄጄ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አሉኝ፤ መድኃኒትም ሰጡኝ። ትንሽ እንደ ወሰድኩ ልጠመቅ ግሽ ዓባይ ሄድኩ። እዚያ ‹ጸበልና ክኒን አብሮ አይሄድም› ያለኝ ሰው ነበር። ክኒኑን ተውኩት። አሁን ብሶብኛል።

እንጀራ የሚጋግረው ባለቤቴ ነው። ጎረቤት እንዳያየው ሌሊት ይነሣል፤ ማድቤቱን ዘግቶ ይጋግራል። ዓይኑ በጭስ ቀልቶ ሲወጣ ሳየው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ። ትልቋ ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት እየቀረች ውኃ ትቀዳለች፤ ልብስ ታጥባለች። ታናናሾቿ ሁለት ወንዶች ናቸው። አማቴ አብረውን ይኖራሉ። ‹አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው ተሰብሮ በአንድ እግር ቆመው ጸለዩ። አንቺ ጣቴን አመመኝ ብለሽ ስግደት ተውሽ› ይሉኛል። የእምነትሽ ማነስ ነው ይላሉ።

በሚቀጥለው ወር የመድኃኔዓለም ማኅበር ተረኛ ነኝ። ከማኅበሩ ልውጣ ብዬ አስቤያለሁ። አንዳንድ ሌሊት ‹ጌታ ሆይ፣ ሸክም ከምሆንባቸው ውሰደኝ› እላለሁ። በድካም ውስጥ ብርታት አለ ሲባል እሰማለሁ። በእኔ ቤት የቱ ጋ ነው ያለው?»

እናት፣ ከቡሬ

መልስ

ውድ እኅቴ፣

በዚያ በታመመ ጣትሽ ይህን ሁሉ ጽፈሽ መላክሽ ብቻውን ብዙ ይነግረኛል። እግዚአብሔር ይማርሽ።

ከአማትሽ ቃል ልጀምር። እሱ እሾህ ካልተነቀለ ሌላው ሁሉ ልብሽ አይገባም። ሕመምሽ የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ኃጢአት ሠራ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጌታን ጠየቁት። እርሱም «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» አላቸው። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ አለ። ሰው ሲታመም ጥፋተኛ መፈለግ የቆየ ልማድ ነው። ጌታ ግን ያን ልማድ አልተቀበለውም።

የሐኪሞቹ ቃል የሚመስለኝን ከሆነ ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቀው የገዛ ኃይላችን መንገድ ስቶ መገጣጠሚያዎቻችንን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። ጠዋት ጠዋት ጣት አልታጠፍ ማለቱ፣ የሁለቱም እጅ አንጓ ማበጡ የታወቀ ምልክቱ ነው። ብርድ ስለ መታሽ አልመጣም። ሰው ስለ ረገመሽም አልመጣም። ጸሎት ስላጎደልሽም አልመጣም።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ጥር 24 ቀን ሰባረ ዐፅማቸውን እኔም አከብራለሁ። አማትሽም ስለ ጻድቁ ማንሣታቸው መልካም ነው። ግን ታሪኩን አብረን በደንብ እንየው። ጻድቁ በተሰበረው እግራቸው አልቆሙም። በቀረላቸው ነው የቆሙት። የተሰበረውን «ቁም» ብለው አላስገደዱትም። ደግሞም እሳቸው በዋሻ የተወሰኑ መነኩሴ ናቸው። አንቺ ባልና ልጆች፣ አማትና ጎረቤት ያሉሽ የቤት እመቤት ነሽ። ገድል የሚነበበው በቅዱሳኑ የሠራውን አምላክ እንድናመሰግንበት ነው። የታመመ ሰው እንዲሸማቀቅበት አይደለም።

«ለእኔ ምን ቀረኝ?» ያልሽው ላይ እንምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

የቅዱስ ጳውሎስን ነገር ታውቂዋለሽ። የሥጋ መውጊያ ነበረው። ከእርሱ እንዲለይ ሦስት ጊዜ ለመነ። የተመለሰለት «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12። ይህን ጥቅስ ብዙ ጊዜ የታመመ ሰው ዝም እንዲል እንጠቀምበታለን። «ጸጋው ይበቃሻል፤ አታጉረምርሚ» እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ጳውሎስ ራሱ ዝም አላለም። አንሣልኝ ብሎ ለምኗል፤ ደግሞ ለምኗል። ሕመሙን ጥሩ ነገር ነው አላለም። ስለዚህ አንቺም «አንሣልኝ» ማለት ትችያለሽ። ዛሬ ማታም ነገም በዪ።

ታዲያ ያ ኃይል በጳውሎስ ላይ እንዴት ታየ? መልእክቶቹን መጨረሻ ድረስ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያገኛል። የጳውሎስ ሕይወት በሌሎች ሰዎች እጅ የተሞላ ነው። የሮሜን መልእክት በጽሑፍ ያሰፈረው ጤርጥዮስ የሚባል ወንድም ነው፤ በምዕራፍ 16 ላይ በራሱ አፍ ሰላምታ ያቀርባል። አጠገቡ ደግሞ ሉቃስ ነበረ፤ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ይለዋል። ኃይለኛው ሐዋርያ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገው ነበር። የሚያክመው ሰው አብሮት ይሄድ ነበር። ይህን አልደበቀም። ጽፎ አስቀመጠልን።

ሙሴንም አስቢው። እስራኤል ከአማሌቅ ጋር ሲዋጉ ሙሴ በኮረብታ ላይ እጁን ዘርግቶ ይጸልያል። እጁ ሲነሣ እስራኤል ያሸንፋሉ፤ እጁ ሲወርድ ይሸነፋሉ። ከዚያ እጁ ዛለ። የእግዚአብሔር ሰው እጅ ከበደ፤ አልነሣ አለ። ምን አደረጉ? «ሙሴ፣ እምነትህ ቀንሷል» አላሉትም። ድንጋይ አምጥተው ተቀመጥ አሉት። አሮንና ሖር በግራና በቀኝ ሆነው እጆቹን ደገፉለት። ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እጆቹ ጸኑ። ዘጸአት 17ን ዛሬ ማታ ልጅሽ ታንብብልሽ። ሙሴ ያን ቀን የጸለየው ተቀምጦ ነው። እጁንም ያነሡለት ሌሎች ናቸው። ጸሎቱ ግን የእሱ ነበር።

እንግዲህ ብርታቱ የቱ ጋ ነው ላልሽኝ እኔ የማምነውን ልንገርሽ። እግዚአብሔር ብርታትን ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ አድርጎ ነው የሚልከው። ድካሙን የሚደብቅ ሰው ያ እጅ የሚገባበትን በር ይዘጋል። በእናንተ ቤት የተዘጋው የማድቤት በር ነው።

ባለቤትሽ ለምን ሌሊት ይጋግራል? ሴታ ሴት እንዳይሉት ነው። በእኛ አገር ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚያም አውቃለሁ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለቅዳሴ የሚቀርበውን ኅብስት በቤተ ልሔም የሚጋግረው ማነው? ዲያቆን ነው። ወንድ ነው። ዱቄቱን አቡክቶ፣ እሳቱን አንድዶ የሚጋግረው እሱ ነው። ባሕር ዳር አጠገብ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም። እዚያ ያሉ አባቶች ምን የሚበሉ ይመስልሻል? ራሳቸው ፈጭተው፣ ራሳቸው ጋግረው ነው። ቅዱስ ሥጋው የሚሆነውን ኅብስት ወንድ ሲጋግር ክብር ነው ብለን፣ ለታመመች ሚስቱና ለልጆቹ ሲጋግር ነውር ነው ካልን የትኛው ጋ ነው የተሳሳትነው?

ስለዚህ ባልሽን ሌሊት መነሣቱን ተው በዪው። በቀን ይጋግር። በሩን ይክፈተው። መጀመሪያ ሳምንት ጎረቤት ያወራ ይሆናል። ከዚያ ይለመዳል። ምናልባት እሱን አይቶ ሌላም ወንድ ይደፍራል። የእሱ ዓይን መቅላት ደግሞ ከጭሱ ብቻ ሳይሆን በሩ ከመዘጋቱም ነው። የዝግ ቤት ጭስ ሳንባም ይጎዳል።

አንቺ ደግሞ ማድቤት ግቢ። አልጋሽ ላይ ሆነሽ እያፈርሽ ከምታዳምጪ በርጩማ ላይ አጠገቡ ተቀመጪ። ሊጡ መቼ እንደ ደረሰ፣ አብሲት መቼ እንደሚጣል፣ ምጣዱ ምን ያህል ሲግል እንደሚጋገርበት ማን ያውቃል? አንቺ ነሽ። ያ እውቀት በጣትሽ አንጓ ውስጥ አልነበረም፤ አልታመመም። ባልሽ ዓይን ያለው እንጀራ ሲያወጣ አመስግኚው። ሲያሳርርም አትሳቂበት። ሰው ሲያግዘን «ይቅርታ፣ አስቸገርኩህ» ብቻ የምንል ከሆነ ያገዘንን ሰው ራሱን እናሳዝነዋለን። «ተባረክ፤ ደስ አለኝ» በዪው።

ሲረዱሽ የሚሰማሽን እፍረት በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ጎጃሜ ነሽና የቆሎ ተማሪ በደጅሽ ሲቆም አድገሻል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሰምተሻል። ውሻ ሲያባርረው አይተሻል። ቁራሽ እንጀራም በእጅሽ ሰጥተሻል። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠሩ ሊቃውንት ሁሉ እንዲህ ቁራሽ ለምነው ነው ሊቅ የሆኑት። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ለምኖ ይበላ ነበር። መቀበልን ሳይማር ማስተማር እንዳይጀምር ነው። ያንን ልጅ ለማኝ ነው ብለሽ ንቀሽው ታውቂያለሽ? አታውቂም። ነገ መሪጌታ እንደሚሆን እያሰብሽ ነው የሰጠሽው። ራሳቸው የኔታስ? ዓይናቸው የማያይ የኔታዎች በየጉባኤው ነበሩ። ተማሪ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳቸዋል። ከጉባኤው ሲደርሱ ግን ተማሪው አንዲት ቃል ቢስት በቃላቸው ያርሙታል። መንገዱን የመራቸው ልጅ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ይማራል። በመመራታቸው ከየኔታነታቸው የጎደለ ነገር የለም።

የማኅበሩ ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከማኅበሩ አትውጪ። እንዲያውም አሁን ነው ማኅበሩ የሚያስፈልግሽ። ማኅበር የምንጠጣው የታመመን ልንጠይቅ፣ ያዘነን ልናጽናና፣ የሞተን ልንቀብር ነው። ይህ ሁሉ ለሌላ ሲሆን ስትሮጪ ኖረሽ፣ ተራው አንቺ ጋ ሲደርስ የምትሸሺ ከሆነ ለሌሎቹም ክፉ ትምህርት ነው። ነገ እነሱም ሲታመሙ ይሸሻሉ። በዚህ ሳምንት ለማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ለሙሴው፣ ንገሪያቸው። ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። «እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ጌሾውንና ብቅሉን እኔ አቀርባለሁ፤ ጥንስሱን አንዳችሁ ጠንስሱልኝ። ድፎውንም የምትደፋልኝ ሰው ልቀቁልኝ» በያቸው። ደቦና ወንፈል የሚያውቅ አገር ይህን አይከለክልሽም። እነሱ ተራ እንለዋወጥ ካሉሽም ተቀበያቸው። ቢጠፋ ቢጠፋ ንፍሮና ዳቦ ይበቃል። ጌታ በወንጌሉ በስሙ ስለ ተሰጠች አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ዋጋዋን የገባው ቃል ኪዳን አለ። የጠላው ብዛት በዚያ ውስጥ አልተጻፈም።

አሁን ስለ ስግደትና ጾም። ይህ እኔ የምፈርድበት ነገር አይደለም፤ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። ነገር ግን ሳትፈሪ ሂጂ። የሐዋርያት ቀኖና ስለ ጾም አጥብቆ ሲናገር እንኳ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ንስሐ አባትሽ ሕመምሽን ካወቁ የሚቻልሽን ልክ ያወጡልሻል። ክኒን ከምግብ ጋር ውሰጂ ከተባልሽም ይህንኑ ንገሪያቸው። ቆሞ መጸለይ ላቃተው ቤተ ክርስቲያን ራሷ መቋሚያ ሰጥታለች። በማኅሌት ሌሊት የጠነከሩት ደብተራዎች ሳይቀሩ በመቋሚያ ተደግፈው ነው የሚያነጉት። አንቺም ተቀምጠሽ ጸልዪ። የውዳሴ ማርያሙን የዕለት ክፍል ከልጆቹ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ አንቺ ተከተዪ። መጽሐፉን ለመያዝ ጣትሽ አያስፈልግም።

ክኒኑን መተውሽ ግን አስጨንቆኛል። ጠንከር ብዬ ብናገርሽ ይቅር በዪኝ።

ጸበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንዱ እግዚአብሔር ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ግሽ ዓባይ የነገረሽ ሰው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ግን የነገረሽ ነገር ልክ አይደለም። ጸበልሽን ተጠመቂ፤ ጠጪም። ክኒንሽን ደግሞ ሐኪሙ መልሶ ሲያስጀምርሽ በጸበሉ ዋጪው።

በዚህ ሕመም ላይ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ቶሎ የታከመ መገጣጠሚያ ሳይጣመም ሊቀር ይችላል። የተጣመመው ግን በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ በቅርብ ቀን ወደ ሐኪም ቤት ተመለሺ። ያቋረጥሽ መሆኑን በግልጽ ንገሪ፤ አይቆጡሽም። ቢቆጡሽም ቻዪው። ቤት ውስጥ የተረፈውን ክኒን ግን በራስሽ አትጀምሪ። ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ከሚታዘዙት አንዱ ሜቶትሬክሴት ይባላል። እሱ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። የየቀን መስሏቸው የዋጡ ሰዎች ለሕይወታቸው አስጊ የሆነ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ጉበትንም ስለሚነካ ከአረቄና ከጠላ ጋር አይስማማም፤ ማኅበር ላይ ቢያጣጥሙሽም እምቢ በዪ። ሥራው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና ወዲያው አልዳንኩም ብለሽ አትተዪው። ፕሬድኒሶሎን ሰጥተውሽ ከሆነ ደግሞ እሱ በድንገት አይቋረጥም። የሰጡሽ የትኛውን እንደ ሆነ አላውቅምና ካርድሽንና የክኒኑን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ።

እስከዚያው ጠዋት ስትነሺ እጅሽን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆዪው። ዘንቢል በጣትሽ አታንጠልጥዪ፤ በክንድሽ ያዢው። ማማሰያው ላይ ጨርቅ ጠምጥመሽ አወፍሪው፤ ወፍራም እጀታ አንጓን ብዙ አያስጨንቅም።

አማትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሴትየዋን አላውቃቸውም። ግን በዕድሜያቸው በወፍጮ ድንጋይ ፈጭተው፣ ውኃ በእንስራ ተሸክመው ያሳደጉ ይመስለኛል። ሲያማቸውም ማንም ተቀመጡ አላላቸውም ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው የምራቱን መቀመጥ ሲያይ የሚቆጣ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፍርሃት ነው። «እሷ ከወደቀች እኔን ማን ይጦረኛል?» የሚል ፍርሃት። ዳዊትም በመዝሙር 70 (በሌላው አቆጣጠር 71) «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፤ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ይላል። ይህን መዝሙር አብራችሁ አስነብቡ። ከዚያ «እማማ፣ የማታውን ጸሎት እርስዎ ያስጀምሩልን» በያቸው። በቤቱ ውስጥ ሥራ ሲኖራቸው ያንቺን ጉድለት የሚቆጥሩበት ጊዜ ይቀንሳል። ቃላቸው ሲከፋ ደግሞ ባልሽ ይናገር። እናቱ ናቸው፤ ከእሱ ሲሰሙት ይሻላል።

ስለ ሌሊቱ ልመናሽ። «ውሰደኝ» ያልሽ የመጀመሪያዋ አማኝ አይደለሽም። ነቢዩ ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለመነ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። አስተኛው። መልአክ ቀሰቀሰው፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ደክሞህ ነው ማለቱ ነው። አንቺም ሕመም እንቅልፍ እየነሣሽ፣ በሐሳብ እየተብሰከሰክሽ ከርመሻል። ለረጅም ጊዜ የሚያም ሕመም ልብንም ያደክማል። ይህን ለሐኪሙ ንገሪው፤ እሱም መድኃኒት ያለው ነገር ነው። ለንስሐ አባትሽም ንገሪ። ራስሽን ልትጎጂ የሚያደርስ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ። ባልሽን ቀስቅሺው። ብቻሽን አትደሪ። ሸክም ነኝ ያልሽውን ነገር እሱ ሲሰማው ምን እንደሚል ጠይቂው። ሌሊት ተነሥቶ የሚጋግርልሽ ሰው ሸክሜ ነሽ የሚልሽ አይመስለኝም።

የቀረኝ የልጅሽ ነገር ነው። እዚህ ላይ አልለሳለስም። ሐሙስ ከትምህርት ቤት መቅረቷ መቆም አለበት። 8ኛ ክፍል ማለት የክልሉን ፈተና የምትወስድበት ዓመት ነው። በሳምንት አንድ ቀን እየቀረች እንዴት ልታልፍ ነው? ያንቺ እጅ ሲታመም የሚደግፉት ብዙ መሆን አለባቸው ያልኩሽ የሁሉም ጫና በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉሽ። አባታቸው እየጋገረ እነሱ ውኃ መቅዳት ያቅታቸዋል? ትልቁን ጀሪካን ካልቻሉት ትንሹን ሁለት ጊዜ ይመላለሱ። ልብሱ ቅዳሜ ይታጠብ፤ ሁሉም ራሱ የለበሰውን ይጠብ። ልብስ ማጠብ ወንድን አያሳንሰውም፤ ከአባታቸው አይተው ይማሩታል። ያመለጣትን ትምህርት የምታካክስበትን መንገድ ከክፍል አስተማሪዋ ጋር ተነጋገሪ፤ ምክንያቱንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ከሚመጣው ሐሙስ ይጀመር። ረቡዕ ማታ ውኃው ተቀድቶ ይደር፤ እሷም ደብተሯን አዘጋጅታ ትተኛ።